ከትከሻ የማይወርድ ቦርሳ

እጄ ሥራ ይወዳል። ችግሩ ሥራ እጄን አይወድም። ባለቤቴ አስቴር ይህን የተረዳችው በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ የበሩን ቁልፍ ልጠግን ብዬ ሁለታችንንም ውስጥ ቆልፌ ጎረቤት በመስኮት ያወጣን ዕለት። ከዚያ ወዲህ እጄ ላይ ፒንሳ ካየች ድንገት የታመመ ዘመድ ትዝ ይላትና ልጠይቅ ብላ ትወጣለች።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቦርሳ ነው። በገዛ እጄ ስለሰፋሁት፣ በጀርባ ስለሚታዘል ቦርሳ። በእሱ የተነሳ የታናሽ ወንድሜ ትዳር አንድ ሙሉ ቀን እኔ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ውሏል። አሁን ሳወራው ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁ፣ አልከለክልም። ያን ቀን ግን የሳቀብኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ አንነጋገርም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ነው። ከባጃጅ ወርጄ ሚኒባስ እስክሳፈር ባለችው አጭር መንገድ ላይ አንዱ ከጀርባዬ ቦርሳ ውስጥ ስልኬንና የምሳ ዕቃዬን ወሰደብኝ። በጣም ያናደደኝ መውሰዱ አይደለም፤ ዚፑን መልሶ መዝጋቱ ነው። ቤት ገብቼ ስናገር አስቴር ጎመን መክተፏን ሳታቋርጥ፣ “እኔን የገረመኝ አንተን ትቶህ መሄዱ ነው፤ ቢወስድህም እኮ ማታ ነበር የምታውቀው” አለችኝ። እንዲህ የተባለ ባል ወይ ይተኛል፣ ወይ ይሠራል። እኔ ሠራሁ።

ብርድ ልብስ የሚፈበረክበት ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ጨርቅ ቸገረኝ የሚል ሰው ዓይኑን ይታከም። ጠርዙ የተበላሸ፣ ቡናማ ላይ ቢጫ መስመር ያለው የሱፍ ብርድ ልብስ ከገበያ ገዛሁና የአስቴር የስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። ብርድ ልብስ በመኪና ሰፍታችሁ ታውቃላችሁ? በግን ከነነፍሱ እንደ መስፋት ነው። ሦስት መርፌ ሰበርኩ። አራተኛውን አስቴር ደበቀችው፤ ፈልጌ አገኘሁትና እሱንም ሰበርኩት። ማንገቻውን ከአሮጌ መኪና የወንበር ቀበቶ ቆርጬ አወጣሁ። በስድስተኛው ቀን ቦርሳው አልቆ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ትንሿ ልጄ ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ “አባዬ፣ ምን ይበላል?” ብላ ጠየቀችኝ።

ይህ ሁሉ ግን ቅርፊቱ ነው። ፍሬው ውስጡ ነው።

በየሰፈሩ የአይጥና የትኋን መድኃኒት የሚያዞረውን ሰው ታውቁታላችሁ። ሰውየው ራሱ አፉን አይከፍትም፤ በትከሻው ያንጠለጠላት ድምፅ ማጉያ ናት አንዴ የተቀዳላትን ስትደጋግም የምትውለው። የእኛ ሰፈሩ ሻጭ አዲስ ገዝቶ ኖሮ አሮጌዋን ሸጠልኝ። ከተበላሸ ፍሪጅ ደግሞ በሩ ሲዘጋ መብራት የምታጠፋዋን ትንሽ መጫኛ ነቀልኩ። መጫኛዋን ከቀኙ ማንገቻ ሥር ሰፋኋት። ቦርሳው ጀርባዬ ላይ እስካለ ድረስ ክብደቱ መጫኛዋን ይጫናታል፣ ድምፅ ማጉያዋም ዝም ትላለች። ማንገቻው ከትከሻዬ ከተነሳ ግን ትጮሃለች። ምን ብላ? ማድ ቤት ገብቼ በራሴ ድምፅ፣ ደም ሥሬ እስኪገተር፣ “ሌባ! ሌባ! ቦርሳዬን ወሰደው! ያዙት!” ብዬ ቀዳሁላት። ስቀዳ ጎረቤታችን ጋሽ ማሞ ዱላ ይዘው በአጥር ዘለው ገቡ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው አጥር መዝለላቸውን ሳይ ፈጠራዬ ተፈተነ ብዬ ደስ አለኝ።

ባትሪውን ሌባ እንዳይነቅለው በሁለት ድርብ ብርድ ልብስ መሃል ሰፋሁት። ለእኔ ለራሴ ደግሞ ከቦርሳው ወገብ ላይ እጥፋት ውስጥ የተደበቀች ማጥፊያ አበጀሁ። ዚፕ ብቻ ለሚከፍት ሌባ ከስር፣ ከድምፅ ማጉያዋ በታች፣ የሚስጥር ኪስ ሠራሁ። ሁሉን አስቤያለሁ አልኩ። አስቴርን ጠርቼ ሳሳያት ዙሪያውን አየችውና የሰበርኩትን መርፌ ዋጋ እንኳ ሳትጠይቀኝ ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። ሰለሞን ይባላል። ደብረ ብርሃን ስትማር ያወቃትን ሰናይት የምትባል የአንኮበር ልጅ ካላገባሁ ብሎ ምግብ ከዘጋ ከራርሟል። ሽማግሌ ተላከ። አባቷ ገበዝ ጌታነህ የደብራቸውን ቁልፍና ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቁ፣ ቃላቸውን እንደ ጧፍ ቆጥበው የሚያወጡ ሰው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ፣ “እናስብበት” አሉን። ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ፣ “እናንተም በእናታችሁ ወገን ከዚሁ አካባቢ ናችሁ አሉ፤ ዘመድ ብንሆንስ? ሰባት ቤት አስቆጥራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ የቆጠረው ሰው አሻራ አድርጎበት አምጡ” አሉን። ቀጠሮ ሰጡን፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለችው የመጨረሻ ቅዳሜ። ከዚያ ቀን ካለፈ ልጅቷን የሚጠይቅ ሌላ ሰው በር ላይ እንዳለ ደግሞ ሳይነግሩን ነገሩን።

ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው በቤተሰባችን አንድ ብቻ ቀርቷል። ጣርማ በር የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ የእናቴ አጎት ናቸው። ብርድ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጬ እሳቸው እየቆጠሩ እኔ ጻፍኩ። አንድ ስም በተሳሳትኩ ቁጥር ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። በመጨረሻ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉና፣ “ሁለተኛ እንዳትመጣብኝ” ብለው አሰናበቱኝ። ያንን ወረቀት የት ባስቀምጠው ጥሩ ነው? መቼም አእምሮ ያለው ሰው ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተው ነበር። እኔ ሚስጥር ኪስ ያለው ቦርሳ ነበረኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ሆነን ወደ አንኮበር ተነሳን። የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ፣ ጋሽ ማሞ፣ እና እኔ። እኔ ሽማግሌ ለመባል ዕድሜዬ አልደረሰም፤ ፀጉሬ ግን ቀድሞኝ ደርሷል። ሰለሞን መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶን የሚኒባሱን መስኮት ይዞ ቆመ። ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመሰ ፊቱ ላይ ይታያል። “ወረቀቷን ይዘሃል አይደል?” አለኝ። ጀርባዬን በኩራት አሳየሁት። “ከዚህ ውስጥ ሰይጣንም አያወጣት” አልኩት።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም ነበር። ስድስት ቀን ስሰፋ፣ አራት መርፌ ስሰብር፣ ከሰው ጀርባ ላይ ቦርሳ የሚያወርድ ሌባ ብቻ ነው ብዬ ነው የሠራሁት። በእኛ አገር ግን ሌባ ያወርዳል አንዴ፤ ጨዋ ሰው ያወርዳል መቶ ጊዜ። ሸክም ያለበት ሰው ቆሞ ማየት ነውር የሆነበት አገር ውስጥ ከትከሻ ሲነሳ የሚጮህ ቦርሳ መሥራት ምን ዓይነት ሞኝነት እንደሆነ የገባኝ ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ሳይወጣ ነው።

ገና ስቀመጥ ረዳቱ፣ “ጋሼ፣ ቦርሳውን ላይ ልጫንልህ?” አለኝ። አይሆንም አልኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ “ጭኔ ላይ ላድርግልህ ልጄ፣ ጀርባህን አጎበጠህ እኮ” ብለው እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ፣ “ተዉት እማማ፣ ወገቤን ስለሚያመኝ ነው፤ ሙቀት ይሰጠኛል” አልኩ። ወዲያው ከኋላ አንዱ የወገብ መድኃኒት ነገረኝ፣ ሌላው ጠበል ነገረኝ። አባ ወልዴ ዞር ብለው አዩኝ። ንስሐዬን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ወገቤ እንደማያመኝም ያውቃሉ።

መንገዱ ላይ በተነጠርን ቁጥር ማንገቻው ከትከሻዬ ትንሽ ይነሳል፤ ቦርሳውም “ሌ” ይልና መልሶ ይቆማል። በመጀመሪያው “ሌ” ሁሉም ዝም አለ። በሁለተኛው ሁሉም ኪሱን ዳሰሰ። በሦስተኛው አጠገቤ ያሉት እናት ቦርሳቸውን ከእኔ በኩል ወደ ወዲያኛው ጭናቸው አዞሩ። ጋሽ ማሞ ብቻ ምንም ሳይሰሙ የሾፌሩን ማርሽ አቀያየር እየተቹ ቀጠሉ። ይህን ጊዜ በላብ ተጠምቄያለሁ፤ ውጭው ደግሞ ውርጭ ነው። ማጥፊያዋን ለምን አላጠፋኋትም ትሉኝ ይሆናል። ሰው በተጨናነቀበት ሚኒባስ ውስጥ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ወገቡን የሚጎረጉር ሰው ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት።

ኬላ ላይ ለፍተሻ ውረዱ ተባልን። ቦርሳዬ ውስጥ ሽቦ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ድቡልቡል ብረት አለ። ራሴ ፈታሽ ብሆን ራሴን አላሳልፍም። ተራዬ እስኪደርስ ማጥፊያዋን አጠፋኋት፤ ተመስገን ጠፋች። ቦርሳውን አውርጄ ሰጠሁት። ፈታሹ ከላይ ሲዳስስ እጁ አንዲት ነገር ላይ ቆመ፤ ፊቱ ተለወጠ። “ምንድን ነው ይሄ?” አለኝ በቀስታ። በቀስታ መጠየቁ አስፈራኝ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሁሉ ሁለት እርምጃ ራቁ፤ አባ ወልዴ ግን አልራቁም፣ ጸሎት ብቻ ጀመሩ።

ቃል በቃል ተናዘዝኩ። መናኸሪያውን፣ ስልኬን፣ የምሳ ዕቃዬን፣ የአስቴርን ንግግር ሳይቀር ነገርኩት። ፈታሹ ዚፑን ከፈተ፣ አየ፣ ነካካ። ከዚያ ፊቱ በመጠኑ ተፈታና፣ “እስቲ አስጩኸው” አለኝ።

ይህን ጊዜ አልችልም ማለት ነበረብኝ። ግን ሥራህን አሳየኝ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነበር። አበራሁት። “ሌባ! ሌባ! ቦርሳዬን ወሰደው! ያዙት!” አለ፤ ድምፁ ከሜዳው ጥግ እስከ ጥግ ተሰማ። በዚያች ቅጽበት ከመንገዱ ማዶ ሽንት ሊሸና ወርዶ የነበረ ተሳፋሪ ሚኒባሱ ጥሎት እንዳይሄድ እየሮጠ ይመጣ ነበር። ከሰልፉ አራት ሰዎች ተወርውረው ጨበጡት። አንዱ ጃኬቱን፣ አንዱ አንገቱን፣ ሁለቱ እግሩን። ቦርሳውን አንስቼ ቶሎ ጀርባዬ ላይ አዘልኩትና ዝም አለ። ያ ምስኪን ተፈትሾ፣ ይቅርታ ተጠይቆ ሲመለስ ከበስተኋላዬ ተቀመጠ። ትንፋሹን ማጅራቴ ላይ እየሰማሁ ነው የቀረውን መንገድ የሄድኩት።

የባሰው የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አሁንስ አጥፍቼው እቀመጣለሁ ብዬ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ማጥፊያዋን ስጫን ቀጭ አለችና ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች። አወጣኋትና አየኋት። ጥቁር፣ ምስር የምታህል ነገር ናት። የወንድሜን ትዳር ይዛ መዳፌ ላይ ተቀምጣለች።

የአንኮበሯ ጎረቤላ ደርሰን ስንወርድ ጉሙ ሰውና ሰው አያስተያይም። ቁልቁለቱን ጥቂት እንደሄድን ቆምኩና ለሁለቱ ሽማግሌዎች እውነቱን ነገርኳቸው። ቦርሳው ከጀርባዬ አይወርድም፤ ወረቀቱ ደግሞ ከስሩ ነው። ጋሽ ማሞ አሰቡና፣ “ቢላ ካለ ስፌቱን ቀድደን ባትሪውን መንቀል ነው” አሉ። አባ ወልዴ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

“ልጅ ሊለምን የሄደ ሽማግሌ ስለት አይዝም” አሉ።

“እዚሁ ላውልቀውና ይጩህ፤ እየጮኸ ወረቀቷን አውጥቼ መልሼ ልዘለው” አልኳቸው።

“አንኮበር ላይ አንዴ የተጮኸ ገደሉ መልሶ ሦስት ጊዜ ያሰማል። የገበዝ ደጅ እዚህ ሥር ነው። ሌባ ሌባ ብለን ነው የምንገባው?” አሉ አባ።

ጋሽ ማሞ በጀርባዬ በኩል እጃቸውን ሰድደው ቢፈልጉም ኪሱን አላገኙትም። ቁልቁለቱን ቀጠልን። የሚያገኘን ሁሉ፣ “እንደምን አደራችሁ፣ አምጣ ልያዝልህ” ይላል። እኔ እሸሻለሁ። አንድ ማረሻ የተሸከመ ገበሬ የራሱን ሸክም በአንድ ትከሻ አድርጎ በሌላው የእኔን ሊወስድ ሲመጣ ዞሬው ሮጥኩ፤ ቆሞ አየኝና፣ “ሰው አንቀማም እኛ” አለ። ቅሬታው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ላስረዳው ምን ልበል?

ገበዝ ጌታነህ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዓይናቸው ሰውን የሚመዝን። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ከኋላቸው አሉ። ሰናይት አልታየችም፤ ከጓዳ መጋረጃ ሥር ግን ነጠላ ጫማ የተጫሙ ሁለት እግሮች ይታያሉ። ገባን። “ተቀመጡ” ተባልን። አባ ወልዴ እንደ ወጉ፣ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ። በሕይወቴ አንድ ወግ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መቀመጥ ከሌለ ቦርሳ ማውረድም የለም።

አባ ወልዴ ንግግራቸውን ጀመሩ። ከአዳምና ከሔዋን ነው የሚነሱት፤ ወደ ሰለሞን እስኪደርሱ ጊዜ ይወስዳል። ወይዘሮ አልጋነሽ ግን ንግግሩን እየሰሙ አይደለም። ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ ነው። እንግዳ ከነሸክሙ ቤታቸው መሃል ቆሟል፤ ይህ ነገር እንደ እሾህ እየወጋቸው እንደሆነ አየሁ። አንዴ ብድግ አሉ፤ በዓይኔ ለመንኳቸው፤ ተቀመጡ። መልሰው ብድግ አሉ።

“ጥሩ” አሉ ገበዝ፣ አባ ሲጨርሱ። “ሰባት ቤቱስ?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቀስ ብዬ ጀርባዬን ለጋሽ ማሞ ሰጠሁ። ጋሽ ማሞ ዚፑን ከፈቱና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱ። እኔ በሁለት እጄ ማንገቻዎቹን ወደ ታች ይዤ ቆሜያለሁ። እሳቸው ደግሞ እንደ ሞተር እየጎረጎሩ፣ “እዚህ ሽቦ ነው፤ ይሄም ሽቦ ነው፤ ይሄ ምንድን ነው?” ይላሉ። ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ወርዶ ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ሰማሁት። ከመጋረጃው ሥር ያሉት እግሮች አንዱ በአንዱ ላይ ወጣ።

“ምነው፣ ከነሸክሙ ታሰቃዩታላችሁ” አሉ ገበዝ በመጨረሻ። ከመደባቸው ተነሱ። “አምጣው ወንድሜ፤ እኛ ቤት እንግዳ አዝሎ አይቆምም።” ፈጣን ሰው ናቸው ብዬ አልጠበቅኩም። ረጅም እጃቸው ከጎን መጣና ቦርሳውን ከቀኝ ትከሻዬ ጀምሮ አውልቆ ብድግ አደረገው።

“ሌባ! ሌባ! ቦርሳዬን ወሰደው! ያዙት!”

የእኔ ድምፅ ነው። ቤታቸው ውስጥ፣ ፊት ለፊታቸው፣ ቦርሳውን በያዙበት እጃቸው ላይ። የደብሩን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቅ ሰው። ደነገጡና አልለቀቁትም፤ ከሰውነታቸው አርቀው ያዙት፤ እሱም ደጋገመው። ሌባ። ሌባ። ውጭ ውሻ ጮኸ። ከሁለት ቤት ሰዎች ዱላ ይዘው እየሮጡ መጥተው በሩን ሞሉትና ገበዝን ቦርሳ ይዘው አዩ። እንዲያ ያለ ዝምታ እግዜር አያሰማችሁ፤ በተለይ ቦርሳ መሃሉ ላይ እየጮኸ።

ይህም አልበቃ። ጋሽ ማሞ ሽቦ ሲጎረጉሩ ምን እንደነካኩ አላውቅም፣ የእኔ ድምፅ ተቆረጠና ከስሩ የድሮው ሻጭ ድምፅ ብቅ አለ። እኔ ስቀዳ የሰረዝኩት መስሎኝ ነበር። “ትኋን፣ ቁንጫ፣ በረሮ፣ አይጥ! ቤትዎ የተወረረ እናት፣ ይምጡ!” አለ፣ በወይዘሮ አልጋነሽ ፊት። ወይዘሮ አልጋነሽ ቤታቸውን ዙሪያውን አዩ። የተለቀለቀ፣ የተጠረገ፣ ገለባ የማይገኝበት ቤት ነው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ቦርሳውን ከገበዝ እጅ ነጥቄ ወለሉ ላይ ጣልኩና በደረቴ ወደቅኩበት። ማንገቻው ተጫነ፤ ዝም አለ። ቀና ልል ስሞክር “ሌ” አለ፤ መልሼ ተኛሁ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ያልን ሽማግሌዎች ነበርን፤ አንዳችን ግን በደረቱ ተኝቷል።

ወለሉ ላይ ሆኜ ሁሉን ተናገርኩ። ለሁለተኛ ጊዜ በዚያ ቀን። ስለ ሌባው፣ ስለ መርፌዎቹ፣ ስለ ማጥፊያዋ። “ጥፋቱ የወንድሜ አይደለም፤ እሱ ጥሩ ልጅ ነው፤ እንደኔ አይደለም” አልኩ። ያን ጊዜ በእውነት አለቀስኩ ማለት ይቀለኛል፤ የሰለሞን ፊት ሚኒባሱ መስኮት ላይ እንደነበረ መጣብኝ።

ገበዝ ጎረቤቶቹን በእጃቸው ምልክት አሰናበቱ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ፊታቸውን ወደ ፊቴ አቀረቡ።

“ልጄን ልትወስዱብኝ መጥታችሁ፣” አሉ በቀስታ፣ “ሌባው እኔ ሆንኩ?”

ከአባ ወልዴ አዳምና ሔዋን ጀምሮ መልስ የተገኘለት ጥያቄ አይደለም።

“ሦስተኛዋ ናት” አሉ ገበዝ፤ አሁን እኔን እያዩ አይደለም። “ሁለቱ ተድረው ሄደዋል። ይህች ናት የቀረችን። መጀመሪያ ስትመጡ እናስብበት አልኩ፤ ምንም የማስበው አልነበረኝም። ሰባት ቤት ቁጠሩ አልኩ፤ እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ፣ ዘመድ አይደለንም። ሌላ ጠያቂ አለ ያልኩትም የለም። ከዚህ በላይ የምለው ስላጣሁ ነው።” ወይዘሮ አልጋነሽ ባላቸውን በድንጋጤ አዩ፤ ይህን እሳቸውም ሰምተውት አያውቁም መሰለኝ።

ከመጋረጃው በስተኋላ ማልቀስ ተሰማ። ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም።

ገበዝ ተነሱና፣ “ወረቀቱን ግን አምጡት፤ የደከመበት ሽማግሌ ይከበር” አሉ። ወይዘሮ አልጋነሽ ከጓዳ ቢላ አመጡ። የቤቱ ቢላ ስለሆነ አባ ወልዴ ምንም አላሉም። በተኛሁበት ስፌቱን ቀደዱት፤ ባትሪው ተነቀለ፤ ከምድር ተነሳሁ። ገበዝ ወረቀቱን በቁማቸው ሰባቱንም ቤት ድምፅ አውጥተው አነበቡና አጥፈው ከዳዊታቸው መሃል አስቀመጡት። “ተቀመጡ” አሉ። ተቀመጥን። ቃሉ ተሰጠ፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ተቀጠረ።

ስንወጣ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። የተቀደደውን ቦርሳ ብብቴ ሥር ይዣለሁ። ነካ አደረጉት።

“አንተ፣ ይህን ራስህ ነህ የሰፋኸው?”

“አዎ፤ ይቅር ይበሉኝ።”

“ለእሷም አንድ ስፋላት” አሉ። “ይዛው ትሂድ። ድምፁን ግን እኔ ነኝ የምሞላው።”

“ምን ብለው?”

ወደ ጉሙ ዞሩ። “ማታ ማታ ውጭ ስትቆይ የምጠራትን። ሰናይት፣ መሸ፣ ግቢ።”

ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀር አዲስ ቦርሳና አዲስ ድምፅ ማጉያ ይዤ ወረድኩ። በዚህኛው ሁለት መርፌ ብቻ ነው የሰበርኩት። ገበዝ ሁሉንም ከቤት አስወጥተው መደባቸው ላይ ተቀመጡ፤ መቅጃዋን ነካሁላቸው። “ሰናይት” አሉና ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ሞከሩ። “ሰናይት” አሉ፤ ቆሙ። ሦስተኛ ሞከርን። ከዚያ በኋላ እጃቸውን አወዛወዙልኝና ወደ ውጭ ወጡ፤ እኔም አራተኛ እንሞክር አላልኳቸውም። አሁን ቦርሳው ወንድሜ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሰናይት ከሥራ ገብታ ከትከሻዋ ስታወርደው ስሟን ይጠራታል፤ ከዚያ ዝም ይላል።